የኑርዬ ቀበቶ

አሪፋ ባጃጁ በደንብ ሳይቆም ነበር የወረደችው። ከኩዌት ጀምራ አምቃ የመጣችውን ለቅሶ በአባቷ ደጅ ልታወርደው፣ ሻንጣዋን መንገዱ ላይ ጥላ፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና አፏን ስትከፍት ከድንኳኑ ውስጥ የወንዶች ሳቅ ፈነዳ።

አፏን መልሳ ገጠመች። ቤት የተሳሳተች መስሏት ዞር ብላ አየች። አልተሳሳተችም። የአባቷ የስፌት ሱቅ የቆርቆሮ በር ያው ነው። ድንኳኑም የሰፈሩ ቅሬ፣ የዕድሩ፣ ድንኳን ነው። ትናንት ከዙሁር በኋላ የተቀበረውም አባቷ ኑርዬ ነው።

ድንኳኑ መሀል ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ቆመው ያወራሉ።

«ሱቁ ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ከሁለታችን ሆድ ያንዱ ጉርርር አለ። ‘ያንተ ነው የኔ?’ ብዬ ጠየቅሁት። ጆሮውን ወደ ሆዴ አስጠግቶ ጥቂት አዳመጠና፣ ‘ያንቱ ነው መሪጌታ፤ በግዕዝ ነው የሚናገረው’ አይለኝ መሰላችሁ።»

ለቀስተኛው እንደገና ሳቀ። ያልሳቁት በሩ አጠገብ ሙስባሃቸውን የሚቆጥሩት ጋሼ አብዱልመናን ብቻ ነበሩ፤ የኑርዬ ታላቅ ወንድም። አሪፋን ያዩዋትም እሳቸው ናቸው። ተነስተው አቀፏት። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ሲሏት ጊዜ የታመቀው ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ከጓሮ ሮጠው መጡ፤ እናቷ መስኡዳም መጣች። እናትና ልጅ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አንገት ለአንገት ተያይዘው እስኪበቃቸው አለቀሱ። ድንኳኑም ለአንድ አፍታ የለቅሶ ድንኳን ሆነ።

ኋላ፣ ፊቷን ታጥባ እልፍኝ ከተቀመጠች በኋላ፣ አሪፋ ጠየቀች።

«እኒያ ሰውዬ ማን ናቸው? በአባቴ ለቅሶ ምን ያስቃቸዋል?»

«መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። እስጢፋኖስ ገዳም ዜማ ያስተምራሉ። ያባትሽ ደንበኛ ነበሩ።»

«መሪጌታ አባዬ ጋ ምን ያሰፋሉ? ሱሪ?»

«ሱሪ አይደለም» አለች መስኡዳ፤ ልትቀጥል ስትል ጋሼ አብዱልመናን በሩ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መስኡዳ፣ ልጅቱ ከመንገድ ነው የመጣችው። ትረፍ። የሰው ገመና በለቅሶ ቤት አይዘረገፍም።»

አሪፋ ግን ማረፍ አልቻለችም። ከሰዓቱን ሙሉ የማታውቀው ሰው ይጎርፍ ነበር። ከአምባሰል ቆላ፣ ከግሸን ግርጌ፣ ከውጫሌ፣ አንዱ በአውቶቡስ ሌላው በእግሩ። ጎረቤት አይደሉም፣ ዘመድም አይደሉም። ገብተው ዱዓ ያደርጋሉ ወይም ነፍስ ይማር ይላሉ፤ ከዚያ ስለ ኑርዬ አንድ ነገር ያወራሉ፤ ያለቀሰው ሰው እንባውን ሳይጠርግ ይስቃል። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ግማሽ ኩንታል ሽምብራ በአህያ ጭኖ የመጣ ዘይኑልአቢዲን የሚባል ገበሬ ደግሞ መስኡዳን ወደ ጥግ ጠርቶ፣ አሪፋ እየሰማች፣ «እንግዲህ ቀበቶውን ማን ይሰፋልናል?» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

መስኡዳ ወገቧን ይዛ አየችው።

«እስከ ዛሬ ማን የሰፋልህ ይመስልሃል? እሱ ቀለበቱን ይሠራል፣ ሰው ያስቃል። ዓይኑ ከደከመ አራት ዓመቱ። ስፌቱ የኔ ነው።»

ዘይኑልአቢዲን አፉን ያዘና፣ «ወላሂ፣ ለዚህ ነው ያልተተረተረው» አለ።

ያኔ አሪፋ የእናቷን እጅ ያዘች። «የምን ቀበቶ ነው? ዛሬ ካልነገርሽኝ እህል አልቀምስም።»

መስኡዳ ወደ ሱቁ ይዛት ገባችና በሩን ገርበብ አደረገች። ከመሳቢያው ውስጥ ወፍራም የጥጥ ቀበቶ አወጣች። መሀሉ ላይ ከጀሪካን አፍ የተቆረጠ፣ በለስላሳ ቆዳ የተለበጠ ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ ሥር በላስቲክ የተገበረ፣ የሚወልቅና የሚታጠብ ከረጢት ተሰፍቷል።

«አባትሽ ሆዱን ታሞ ተቀደደ ብዬ በስልክ የነገርኩሽ ጊዜ» አለች፣ «ሆዱን አልነበረም። ትልቁ አንጀቱ መጨረሻ ላይ ካንሰር ነው። መቀመጫውን ዘግተው በሆዱ በኩል ከፈቱለት። ከአምስት ዓመት በላይ ሰገራው በዚህ ከረጢት ነበር የሚወጣው።»

ነገሩ የጀመረው አሪፋ በሄደች በዓመቱ ነው። ኑርዬ ሽንት ቤት ሲቀመጥ ደም ያያል። ለማንም አልተናገረም። ኋላ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ኪንታሮት ነው ተብሎ ቅባት ተሰጠው። ሌላ ክሊኒክ ሄደ፤ ኪንታሮት ነው ተባለ። ባህል ሐኪሙም ቅጠል ቀጥቅጦ ኪንታሮት ነው አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱሪው ከወገቡ እየሰፋ፣ ጠበብ እያደረገ ሲሰፋው ከረመ። በመጨረሻ ደሴ አንዲት ወጣት ሐኪም፣ ሌላው ያላደረገውን አደረገች፤ ጓንት አጠለቀችና መረመረችው። ወዲያው አገኘችው። «ስንት ሐኪም አየኝ» ይል ነበር ኑርዬ ከዚያ በኋላ ላገኘው ሁሉ፣ «ጓንት ያጠለቀ ግን አንዷ ብቻ። ሰው አንጀቱ ሲታመም ፊቱን አይተው ይመልሱታል።»

ለቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ሄዶ አራት ወር ተራ ጠበቀ። ተርፎ ሲመጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከሆስፒታል የተሰጡት ከረጢቶች በወር አለቁ፤ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሚሸጥ የለም። ፌስታል በገመድ አስሮ ይፈስበታል፣ ይሸታል። መስጊድ መሄድ ተወ። ኢማሙ ሊጠይቁት መጥተው፣ «ዑዝር፣ የማይቆም ፈሳሽ ያለበት ሰው ለየሶላቱ ዉዱእ አድርጎ ይሰግዳል። መስጊዱ የጤነኛ ብቻ ነው ያለህ ማነው?» ቢሉትም አልተነሳም።

«አንድ ቀን ግን» አለች መስኡዳ፣ ፊቷ እየፈካ፣ «ፌስታሉ ለሦስተኛ ጊዜ ተፈታበትና ተናደደ። ‘አርባ ዓመት የሰው ወገብ ለክቼ የራሴን ሆድ መልበስ ያቅተኝ?’ አለ። ሜትሩን አምጪ አለኝ። ቁጭ ብሎ ለካ፣ ቆሞ ለካ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ወርዶ ደግሞ ‘ለኪኝ’ አለኝ። አሥራ አንድ ቀበቶ አበላሽተን አሥራ ሁለተኛው ያዘ። በጁምዓ መስጊድ ሄዶ ከፊት ሰልፍ ቆመ። ሲመለስ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።»

አሪፋ ቀበቶውን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ፣ «ለምን ደበቃችሁኝ?» አለች።

«ሰው ቤት ሆና ስታለቅስ ማን ያባብላታል አለ።»

አሪፋም የደበቀችው ነገር ስለነበራት ቀበቶውን አጥፋ ወደ መሳቢያው መለሰችው።

በማግስቱ ከደሴ አንድ መኪና መጣ። ዶክተር ሙዘይን ነው፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ አርባ ያልሞላው፣ ረጅም። አብረውት በእሱ ሥር ቀዶ ሕክምና የሚማሩ አራት ወጣት ሐኪሞች ወረዱ። ጋሼ አብዱልመናን ለሐኪም ያላቸውን አክብሮት ያህል ፍራሽ አነጠፉላቸው፤ ነገር ግን ሙዘይን ሊናገር ሲነሳ ሙስባሃቸው ቆመ።

«ኑርዬን ያወቅሁት ተማሪ ሳለሁ ነው» አለ ሙዘይን። «አዲስ አበባ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቀዳዳው የሚከፈትበትን ቦታ ሆዱ ላይ ምልክት ያደረግሁበት እኔ ነኝ። አስተኝቼ ነው ምልክት ያደረግሁት። ከዓመት በኋላ ደሴ ተመድቤ አገኘኝ። ‘አንተ ነህ ሽርጤን በምታጠቅበት መስመር ላይ የከፈትከኝ?’ አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ‘ይቅርታህን ተወውና ተማር’ አለኝ። ‘ሰው ተኝቶ አይኖርም። አስቀምጠው፣ አቁመው፣ ሱጁድ አስወርደው። ክርስቲያን ከሆነ ይስገድ። ገበሬ ከሆነ ጎንበስ ብሎ እንደሚያጭድ ይሁን። ልብስ ሰፊ እንኳ ሰው አስተኝቶ አይለካም።’»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ከወጣቶቹ ሐኪሞች አንዷ፣ «እኛንም በየዓመቱ ደሴ እየመጣ አስተምሮናል፤ ሆዱን ገልጦ» አለች። «ሆዴ መድረሳ ሆነ ይለን ነበር።»

ሙዘይን ቀጠለ። ጥናት ጀምሮ ነበር፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕመምተኞች ከገጠር ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ። መጠይቅ አዘጋጅቶ ሕመምተኞችን ሲጠይቅ ሁሉም «ከሁለት ሳምንት ወዲህ ነው የጀመረኝ» ይሉታል። ወረቀቱን ለኑርዬ አሳየው። ኑርዬ አንብቦ ሳቀ። «በልጁ ፊት መቀመጫህን ከመቼ ጀምሮ ደማህ ብለህ ትጠይቃለህ፤ እሱም ይዋሽሃል። ለኔ ስጠኝ» አለ። በገበያ ቀን ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ አርዲቦ ድረስ እየሄደ፣ የሰው ወገብ በሜትር ሲለካ ቀስ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ከስተሃል፤ ደም ታያለህ እንዴ?» ይላል። ለሱሪ የሚለካ ሰው እጁን ወደ ላይ አንስቶ ስለሚቆም መዋሸት ይከብደዋል፣ ይል ነበር።

«ሠላሳ ስድስት ሰው ይዞልኝ መጣ» አለ ሙዘይን። «ዘጠኙ ገና ሳይብስባቸው የተደረሰባቸው ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ዛሬ እዚህ የተቀመጡ አሉ፤ ማን እንደሆኑ አልናገርም።»

ከጥግ ዘይኑልአቢዲን እጁን አነሳ። «አንዱ እኔ ነኝ። ልንገራቸው፣ ምን አለበት።» ሌላ ሰው ከበስተጀርባ አነሳ። መሪጌታ ይትባረክም እጃቸውን ዘረጉ። «እኔን ያገኘኝ ከተቆረጥኩ በኋላ ነው። ሸተትኩ ብዬ ከማኅሌቱ ቀርቼ፣ ሁለት ዓመት ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ሆኜ ስሰማ ነበር። እዚያ ድረስ በእግሩ መጥቶ ለካኝ። ያን ዓመት ለጥቅምት እስጢፋኖስ ከውስጥ ቆሜ ዘመርኩ።»

ጋሼ አብዱልመናን አንገታቸውን ደፉ። ተቆጥተው ይሁን አዝነው አሪፋ መለየት አልቻለችም።

ሐኪሞቹ ሊሄዱ ሲሉ ሙዘይን መስኡዳንና አሪፋን ለብቻ አነጋገራቸው።

«አንድ ነገር ለኑርዬ ነግሬው ነበር» አለ ለአሪፋ። «ይህ በሽታ በዘር ሊተላለፍ ይችላል። ልጅህ አንድ ጊዜ መታየት አለባት ብዬው ነበር። ነግሮሻል?»

«በስልክ የሚነገር አይደለም፣ ስትመጣ ቀሚስ ስለካት እነግራታለሁ ይል ነበር» አለች መስኡዳ።

አሪፋ ሁለቱንም አየቻቸው። ከእናቷ ፊት ይልቅ የሐኪሙ ፊት ቀለላትና ለሱ ተናገረች።

«ከረመዳን ወዲህ ደም አያለሁ። ስምንት ወር ሆኖኛል። ለማዳሟ ብነግራት የኪንታሮት ክኒን ሰጠችኝ። ያለ እሷ ፈቃድ ሐኪም ቤት መሄድ አልችልም ነበር።»

መስኡዳ ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አደረገች። አልጮኸችም። «እንግዲህ እዩት» አለች ቀስ ብላ፣ «አባቷ ከሷ ደበቀ፣ እሷ ከኛ ደበቀች። የሱ ልጅ ለመሆኗ ሌላ ምስክር አልፈልግም።» ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «መቼ ትምጣልህ?»

«ከነገ ወዲያ። ነገ ግን አንጀቷ መታጠብ አለበት።»

ማን ይዟት እንደሚሄድ ጥያቄ ሆነ። መስኡዳ ዒዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። ጋሼ አብዱልመናን ከበሩ ውጭ ሆነው ሁሉንም ሰምተው ኖሮ፣ «እኔ እወስዳታለሁ» አሉ። «ለሰው ግን ዓይኗን ነው እንላለን።»

በማግስቱ የሆነውን መስኡዳ ለብዙ ጊዜ ስታወራው ትኖራለች። አሪፋ በሦስት ሊትር ውሃ የተበጠበጠውን አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ጠዋት ጀምራ ጠጣች። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ለቀስተኛው ግን አልቆመም፤ እልፍኙ በሴቶች ሞልቷል። አሪፋ ከመካከላቸው ተቀምጣ በየመሀሉ ድንገት ትነሳለች፣ ሽርጧን ሰብስባ በጓሮ በር ትሮጣለች። ትመለሳለች፤ ሳትቀመጥ ደግሞ ትሮጣለች።

«ወይኔ ልጄን» አለች አንዲት የውጫሌ አሮጊት እንባዋን እየጠረገች። «አባቷ ትዝ ባላት ቁጥር መቀመጥ አቃታት። እንዲህ ያለ ሐዘን አይቼ አላውቅም።»

«አባቷን በጣም ነው የምትወደው» አለች ሌላዋ።

መስኡዳ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ጎንበስ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ አለቀሰች ብለው «ሶብር፣ ሶብር» እያሉ ጀርባዋን ደባበሷት፤ ይሄኔ ጭራሽ ባሰባት። አሪፋ ከጓሮ ተመልሳ የእናቷን ሁኔታ ስታይ ነገሩ ገባት፣ በሩን ተደግፋ ሳቋ አመለጣት። አባቷ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። አሮጊቷ ደነገጠችና፣ «ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» ብላ ውኃ አስመጣች። አሪፋ ግን ከሦስቱ ሊትር ወዲህ ውኃ በዓይኗ እንዳይዞር ምላ ነበርና መልሳ ሮጠች።

ደሴ በሄዱበት ቀን ጋሼ አብዱልመናን ሚኒባሱ ውስጥ ሙስባሃቸውን ሲቆጥሩ ደረሱ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብዙ ሰው ወረፋ ይዞ ነበር። አሪፋ ከሳቸው ጎን ሆና ተራዋን ስትጠብቅ፣ ከማዶ የተቀመጠ ከሲታ ሰው ከሚስቱ ጋር ሲንሾካሾክ ተሰማ፤ ኪንታሮት ነው ተብሎ ቅባት ከተሰጠው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ያው ከሆነ ቢመለስ ይሻለዋል፤ አጨዳ ደርሷል።

ጋሼ አብዱልመናን ሙስባሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሪፋ «ዓይኗን ነው» ሊሉ መስሏት ነበር።

«ወንድሜ» አሉት ሰውየውን፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «ጓንት አጥልቆ ያየህ አለ?»

ሰውየው ግራና ቀኝ አየ። «የለም።»

«እንግዲያ አልታየህም። ቁጭ በል። ወንድሜ ኑርዬ እንዳንተ ሲሉት ነው ሁለት ዓመት የጠፋበት። አጨዳው ይደርሳል። ቁጭ በል ብዬሃለሁ።»

ሰውየው ተቀመጠ። ሌላ ሰው ደግሞ ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው። አሪፋ ስሟ ተጠርቶ ስትገባ አጎቷ መሀል ኮሪደር ላይ ቆመው፣ በእጃቸው ወገባቸውን እያሳዩ፣ ስለ አንጀት ለሰባት ሰው ያስረዱ ነበር።

ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ሲገባ ማደንዘዣው አስተኝቷት ምንም አላወቀችም። ስትነቃ ሙዘይን አጠገቧ ቆሟል።

«ደሙ ከኪንታሮት ነው፤ እውነተኛ ኪንታሮት» አላት ፈገግ ብሎ። «ከፍ ብሎ ግን ሽምብራ የምታክል እባጭ አገኘን። ቆርጠን አውጥተናታል። በዓይን ስናያት ክፉ አትመስልም፤ ናሙናዋ ታይቶ እነግርሻለሁ። ዝም ብትባል ኖሮ ግን ከዓመታት በኋላ አባትሽ የነበረበት ቦታ ታደርስሽ ነበር።»

ጋሼ አብዱልመናን አልጋው እግር ሥር ቆመው ሰሙ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔስ? ያንድ እናት ልጆች ነን» አሉ።

«አንቱም ቀጠሮ ይያዝልዎታል።»

«ይያዝ። ያን ሦስት ሊትር ውኃ ግን በቤቴ ነው የምጠጣው። ለቀስተኛ ፊት አይደለም።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ስልክ ተደወለ። አሪፋ ከእናቷ ጋር ሱቁ ውስጥ ነበረች። ጠዋቱን አንዲት የአምባሰል ሴት ወገብ ለክታ፣ እናቷ እያሳየቻት የመጀመሪያ ቀለበቷን በቆዳ ስትለብጥ አርፍዳ ነበር። ጠማማ ሆኖባት ሁለቴ ፈታዋለች። ስልኩን አንስታ አዳመጠች። «እሺ» አለች፤ «እሺ ዶክተር። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና እታያለሁ። እሺ።» ዘግታው እናቷን አየች።

«ነፃ ነኝ።»

መስኡዳ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሳች፤ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ እልል ልትል ከንፈሯን ከፈተችና ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ብሏት በእጇ ያዘችው። ግን ከጣቶቿ መሀል ትንሽ እልልታ አመለጠ። ጋሼ አብዱልመናን ከደጅ፣ «ምንድነው?» ብለው ገቡ፤ ሲነገራቸው ቁጭ ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ያን ቀን ጎረቤት ከሐይቁ የወጣ ትኩስ ዓሣ ጠብሳ ልካ ነበር። ሦስቱም ትሪውን ከበው ተቀመጡ። መስኡዳ የውጫሌዋን አሮጊት አነጋገር እያስመሰለች «እንዲህ ያለ ሐዘን አይቼ አላውቅም» ስትል ጋሼ አብዱልመናን ሳይቀሩ ሳቁ። አሪፋም እየሳቀች ከትልቁ ዓሣ ጀርባ አንድ ቁራሽ አነሳች። እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመች፤ ቀጫጭኖቹን ሳይቀር በጣቷ እየዳሰሰች አወጣች። ንፁሁን ሥጋ አላጎረሰችም፣ አልጎረሰችም። ማንም ወዳልተቀመጠበት፣ አባቷ ይቀመጥበት ወደነበረው የትሪው ጠርዝ ቀስ አድርጋ ገፋችው።